«ነፃ» የትምህርት ዕድል ምን ሲያስከፍል ኖረ?



በየዓመቱ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ሲወጣ ከአባሎቻችን ልጆች መካከል አንድ ሁለቱ የምሥራች ይዘው ይመጣሉ። እልልታው ሳይበርድ ደግሞ ጥያቄው ይከተላል። «ሥራ መፍጠር ለሚፈልጉ ተማሪዎች ስኮላርሺፕ አለ የሚባለው እውነት ነው? ለእኛስ ልጆች ይደርሳል?» ማኅበራችን ከቁጠባው ትርፍ ለዚሁ የሚሆን ትንሽ ፈንድ ይያዝ ወይስ አይያዝ የሚለው ሐሳብም ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ቀርቧል። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት የነገሩን ታሪክ አብረን ብናይ ይጠቅማል በማለት፣ የማኅበሩን ሒሳብ የምንይዘው አባላት ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

ስኮላርሺፕን በአማርኛ «ነፃ የትምህርት ዕድል» እንለዋለን። «ነፃ» የምትለዋ ቃል ግን የሒሳብ ሰው ሲያያት ታጠራጥራለች። በሒሳብ መዝገብ በአንድ በኩል የተጻፈ ገንዘብ በሌላው በኩልም መጻፉ አይቀርም። በአገራችን ታሪክም እንዲሁ ነው። ተማሪው ባይከፍል የሚከፍልለት ነበረ፤ የከፈለለት ደግሞ ከተማሪው የሚጠብቀው ነገር ነበረው። ዘመን ሲለወጥ ከፋዩና የሚጠበቀው ነገር ተለዋወጡ እንጂ መዝገቡ አልተዘጋም።

ከመንግሥት በፊት መንደር ነበረ

ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነገር ከመታወቁ በፊት የተማሪን ወጪ የሚሸፍነው መንደር ነበር። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ «ስለ እንተ ማርያም» እያለ በየደጁ ሲቆም የቤቱ እመቤት ከሌማቷ ቁራሽ ታነሣለታለች። ከአገሩ ርቆ፣ ከመምህር መምህር እየዞረ ዜማውን፣ ቅኔውን፣ ትርጓሜውን ለዓመታት ይማራል፤ ለመምህሩም እንጨት ይለቅማል፣ ውሃ ይቀዳል። በወሎና በሌሎችም አካባቢዎች የቁርአን ደረሳዎች እንዲሁ ሕዝቡ በሚያበላቸው ይማሩ ነበር። ያበላው ሕዝብ የሚጠብቀው ግልጽ ነው፤ ተማሪው ሲጨርስ እምነቱንና ሕዝቡን እንዲያገለግል።

አንድ ነገር ልብ እንበል። ቁራሹን ከሌማቱ የሚያነሡት እናቶች ነበሩ፤ በቁራሹ የተማሩት ግን ከጥቂቶች በቀር ወንዶች ልጆች ናቸው። ሴቶች በዚህ መዝገብ የተጻፉት በከፋይነት እንጂ በተማሪነት አይደለም።

ለመንግሥት መማር

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ቤተ መንግሥቱና መኳንንቱ ከፋይ ሆኑ። ጥቂት ወጣቶች ወደ አውሮፓ ሄደው ተማሩ። ሩሲያ ከተማሩት አንዱ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም ናቸው። እዚያ በመድፈኛነት ሠለጠኑ፤ በኋላ በጅሮንድ ተብለው የመንግሥትን ገንዘብ አስተዳደሩ፤ በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው ይጠበቅ የነበረው ለመንግሥት መሥራት ነበር፤ ሠርተውም አሳይተዋል።

ማንም ሳይልካቸው የሄዱም ነበሩ። ገብረሕይወት ባይከዳኝ በልጅነታቸው ከምፅዋ መርከብ ላይ ወጥተው አውሮፓ ደረሱ፤ እዚያ ያገኟቸው ሰዎችም አስተማሯቸው። አገራቸው ተመልሰው የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ጉምሩክን መርተዋል። ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው እስከ ዛሬ ይነበባል። የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ ለእኛም ቅርብ ነው፤ ዕውቀት ያለው ሕዝብና ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ገበያ ላይ ሲገናኙ ንግዱ እኩል አይሆንም፤ ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር ሁልጊዜ ባለዕዳ ነው። ትምህርትን ከንግድና ከአምራችነት ጋር አያይዘው ያዩት ያኔ ነው። ሰሚ ለማግኘት ግን ብዙ ዘመን ፈጀ።

የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ግድም ሲከፈት የተቀበለው በአብዛኛው የመኳንንትን ወንዶች ልጆች ነበር። ለሴቶች ልጆች የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1924 ዓ.ም. ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት አውሮፓ ተምረው ከተመለሱት ጥቂት ሴቶች አንዷ ስንዱ ገብሩ ናቸው። ከጠላት ጋር በተደረገው ትግል ተሳትፈው ታሰሩ፤ ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ፤ በ1950 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆኑ። አንዲት ሴት ስትማር ለስንት ሌሎች በር እንደምትከፍት ከእሳቸው ታሪክ ማየት ይቻላል።

በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ ፋሺስቶች የተማሩትን እያደኑ ገደሉ። አገሪቱ ለዓመታት ያወጣችው ወጪ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የልጆቿ ሕይወት፣ በጥቂት ቀናት ጠፋ። ከነፃነት በኋላ የመጣው የትምህርት ዕድል ሁሉ ይህን ጉድለት ለመሙላት የቸኮለ ነበር።

በዚያ ጥድፊያ የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በ1943 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ጀመረ። ቀጥሎ የዓለማያ እርሻ ኮሌጅና የጎንደር ጤና ኮሌጅ መጡ። የመጀመሪያዎቹ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ትምህርቱም፣ ምግቡም፣ መኝታውም ከመንግሥት ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1950 ዓ.ም. አክራ ላይ በተደረገው የነፃ አፍሪካ አገሮች ጉባኤ ጊዜ ለሌሎች አፍሪካውያን ወጣቶች 200 ያህል የትምህርት ዕድል ለመስጠት ቃል ገብተው፣ ከብዙ አገሮች የመጡ ተማሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ተምረዋል። ያ ዕድል የሚጠይቀው ወዳጅነትን ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የራሳችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ አብዛኞቹም መምህራን ሆነው ሠሩ።

ከዚህ ሁሉ መካከል «የራስህን ሥራ ክፈት፣ የራስሽን ሥራ ክፈቺ» የሚል ዕድል አልነበረም። ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት እንኳ የሚያወጣው መዝገብ ያዥና ጸሐፊ ነበር፤ ለባንክ፣ ለመሥሪያ ቤት፣ ለሰው ድርጅት። የሙያችን ታሪክ ስለሆነ አንንቀውም፤ የዘመኑ ጥያቄ ምን እንደነበረ ግን ያሳያል።

ታዲያ ነጋዴው መነሻውን ከየት አገኘ?

አቃቂ የባቡር ጣቢያ ያላት ትንሽ ከተማ ነበረች። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በህንድ ባለሀብቶች ተሳትፎ የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲቋቋምና ሌሎች ፋብሪካዎች ሲከተሉ የሠራተኛ ከተማ ሆነች። ብዙዎቻችን የፋብሪካ ሠራተኛ ልጆችና የልጅ ልጆች ነን። ፋብሪካ ያቆመው ካፒታል ከውጭ መጣ፤ የጉልቱ፣ የሱቁ፣ የጠላ ቤቱ መነሻ ግን ከእቁብ መጣ። መርካቶም እንዲያ ነው ያደገው። እቁብ የምስክር ወረቀት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው መታመንን ነው። ዕጣ የወጣላት ሴት በገንዘቡ ምን እንደምትሠራ የሚጠይቃት ዳኛ የለም፤ ሳምንት እየጠበቀች መክፈሏን መቀጠል ብቻ ነው።

ስለዚህ ለረጅም ዘመን ሁለት መንገዶች ጎን ለጎን ሄዱ። አንዱ የትምህርት መንገድ ነው፤ ወደ መንግሥት ቢሮ ይወስዳል። ሌላው የእቁብ መንገድ ነው፤ ወደ ገበያ ይወስዳል። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ አልነበረም። የተማረው ልጅ መነገድ ያፍር ነበር፤ የነገደችው እናትም ልጇ እንደ እሷ እንዳይነግድ ብላ ታስተምረው ነበር።

የተማረ ሰው መነገድ ያልቻለበት ዘመን

በደርግ ዘመን ሁለቱ መንገዶች ይበልጥ ተራራቁ። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። በዚያው ዓመት ትልልቅ ፋብሪካዎች ተወረሱ። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ የግል ንግድን የሚገድብ አዋጅ ወጣ፤ የችርቻሮ ነጋዴ ካፒታል ከ200,000 ብር፣ የጅምላ ነጋዴ ከ300,000 ብር፣ የኢንዱስትሪ ባለቤት ደግሞ ከ500,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ተደረገ። በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመንና ወደ ኩባ ተልከው ተማሩ። ኩባ የሄዱት ብዙዎቹ ገና ሕፃናት ነበሩ። የተመረቀ ሁሉ መንግሥት በመደበው ቦታ ይሠራል። ሥራ አጥነት የሚያስፈራበት ዘመን አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን አንድ ምሩቅ የራሱን ድርጅት አሳድጋለሁ ቢል ጣሪያው በሕግ ተጽፎ ይጠብቀው ነበር።

ዕዳው በግልጽ ሲጻፍ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የከፍተኛ ትምህርት ተማሪ ወጪ ይጋራል የሚል ሐሳብ ይዞ መጣ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት ደንብ በሥራ ላይ ዋለ። ተማሪው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ቢያንስ 15 ከመቶውን እንዲሸፍን ተደረገ። አብዛኛው ተማሪ በእጁ ገንዘብ ስለሌለው ውል ይፈርማል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ 10 ከመቶ እየተቆረጠ ይከፍላል። በየወሩ ደመወዝ የምንሠራ ሰዎች ይህን ተቀናሽ እናውቀዋለን። ዕዳው እስኪያልቅ ዋናው ዲግሪ አይሰጥም፤ ምሩቁ ጊዜያዊውን ይዞ ይዞራል።

ደንቡ የተሰላው በየወሩ ደመወዝ ለሚያገኝ ሰው ነው። የራሷን ሥራ የጀመረች ምሩቅ ግን በመጀመሪያው ዓመት ገቢዋ አንድ ወር ይመጣል፣ ሌላ ወር ይጠፋል። ሁለቱን አቻ ለአቻ ስናስቀምጥ ደመወዝ መያዝ የሚያዋጣ ይመስላል። ይህ አንዱ የሥራ ፈጠራ እንቅፋት ነው።

በዚያው ጊዜ ዩኒቨርሲቲዎች በፍጥነት በዙ፤ ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው። በእኛው ክፍለ ከተማ ቂሊንጦ ላይ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በ2003 ዓ.ም. ተቋቋመ። ምሩቁ ሲበዛ የመንግሥት ቅጥር አልበቃ አለ። ያኔ ከላይ የተጠበቀው ነገር ተለወጠ፤ «ሥራ ፈልጉ» መባሉ ቀርቶ «ሥራ ፍጠሩ» ተባለ። ጥቃቅንና አነስተኛ መደራጀት መጣ፤ ዲግሪ ይዘው ኮብልስቶን የጠረቡ ወጣቶችን ሁላችንም እናስታውሳለን።

ለሥራ ፈጣሪ ተማሪ የመጣው ዕድል

በ2004 ዓ.ም. የጸደቀው በዓለም ባንክ የ50 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ የተጀመረው የሴቶች ሥራ ፈጠራ ልማት ፕሮጀክት ለሴት ነጋዴዎች ብድርና ሥልጠና አቀረበ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እገዛ የኢንተርፕርነርሺፕ ልማት ማዕከል ሥራ ጀመረ፤ የሥልጠናው ዘዴ በ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. አርጀንቲና ላይ የተጀመረው «ኢምፕሬቴክ» ነው። ማዕከሉ ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር እየሠራ ተማሪዎችንም አሠለጠነ። በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ «ብሩህ» የሚባለው ብሔራዊ የሥራ ፈጠራ ሐሳብ ውድድር ወጣቶችን እያወዳደረ ለአሸናፊዎቹ መነሻ ገንዘብ ይሰጣል።

ከውጭ ድርጅቶችም ብዙ ተማሪ የሚያስተምር የማስተርካርድ ፋውንዴሽን የትምህርት ዕድል አለ። በእኛ አገር ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ለአካል ጉዳተኛ ወጣቶች ትኩረት በመስጠት ያስተምርበታል። የናይጄሪያው የቶኒ ኤሉሜሉ ፋውንዴሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለአፍሪካ ሥራ ፈጣሪዎች የማይመለስ 5,000 ዶላር ሲሰጥ ቆይቷል። ጋና ውስጥ አሼሲ የተባለውን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2002 የከፈቱት ፓትሪክ አውዋ ራሳቸው በስኮላርሺፕ አሜሪካ የተማሩ ናቸው። አሼሲ ተማሪዎቹን ገና በመጀመሪያው ዓመት ሥራ ፈጠራ ያስተምራል። በስኮላርሺፕ የተማረ ሰው ዩኒቨርሲቲ ሲከፍት ምን እንደሚመስል እዚያ ይታያል።

እነዚህ ዕድሎች የሚጠይቁት ነገር ካለፉት ሁሉ የተለየ ነው። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አገልግሎት ጠየቁ፤ ንጉሡ ታማኝነት፤ ደርግ ምድብ ቦታ፤ የወጪ መጋራት 10 ከመቶ። የአሁኑ የሚጠይቀው ድፍረትን ነው፤ ተማሪዋ ሐሳቧን ይዛ ወጥታ፣ ሊሳካም ላይሳካም በሚችል ነገር ላይ ጊዜዋን እንድታውል። የእኛ ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው።

ድፍረት የሚገኘው ወደኋላ መመለሻ ሲኖር ነው። ያላት ቤተሰብ ልጅ ሥራዋ ባይሳካ አባቷ ቤት ትመለሳለች። የእኛ ልጅ ግን ተመርቃ የምታገኘው የመጀመሪያው ብር ቤት ውስጥ ይጠበቃል፤ ለታናናሾቿ ደብተር፣ ለቤት ኪራይ፣ ለእናቷ መድኃኒት። ስድስት ወር ያለ ገቢ ሞክሪ ማለት ቤተሰቡን በሙሉ ሞክሩ ማለት ነው። ለዚህ ነው ጎበዝ ልጆቻችን ጥሩ ሐሳብ እያላቸው የተገኘውን ቅጥር የሚይዙት። አላዋቂነት አይደለም፤ ስሌቱ ነው እንዲያ የሚያስወስናቸው።

ሌላም ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በዩኒቨርሲቲ በኩል ብቻ የሚመጣ ድጋፍ ከመቶ ልጆች መካከል ጥቂቶቹን ብቻ ነው የሚያገኘው። ቴክኒክና ሙያ የገባችው፣ በዲፕሎማ የተመረቀችው፣ ልብስ ስፌት የያዘችው ልጅ ከዚህ መዝገብ ውጭ ትቀራለች።

እናቶች ከፋይ ሲሆኑ

የእኛን የመሰለ ማኅበር በዚህ ምን ሊያደርግ ይችላል? ሁለት ምሳሌ እናንሣ። በ1994 ዓ.ም. ግድም አዳማ ላይ ጥቂት ድሃ ሴቶች በትንንሽ ቡድን ተሰብስበው በየሳምንቱ ሳንቲም እየቆጠቡ እርስ በርስ መበዳደር ጀመሩ። ዘዴው ከህንድ የመጣ ነበር። ዛሬ ራስ አገዝ ቡድን የምንለው አሠራር ከዚያ ተነሥቶ በብዙ የአገራችን አካባቢዎች ተስፋፍቷል።

ሁለተኛው ባንግላዴሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ባንክ የሆነው ግራሚን ባንክ ተበዳሪዎቹ ከሞላ ጎደል ሴቶች ናቸው፤ የባንኩም ባለድርሻዎች ናቸው። እናቶቹ ሠርተው ልጆቻቸውን ሲያስተምሩ ባንኩ ከ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለልጆቻቸው የከፍተኛ ትምህርት ብድር መስጠት ጀመረ። ልጆቹ ግን ተመርቀው ሥራ አጡ፤ ልክ እንደ እኛ አገር። የባንኩ መሥራች ፕሮፌሰር መሐመድ ዩኑስ ያኔ ለእነዚያው ልጆች «አዲስ ሥራ ፈጣሪዎች» የሚል መርሐ ግብር አቆሙ። ፈንዱ ከወጣቱ ጋር ሸሪክ ሆኖ ገንዘብ ያስገባል፤ ሥራው ሲቆም ወጣቱ ድርሻውን ገዝቶ ያስለቅቃል፤ ፈንዱ ለአስተዳደር ከሚሆን ጭማሪ በቀር ትርፍ አይወስድም። የቆሎ ተማሪን ያበሉ እናቶች በከፋይነት ብቻ ተጽፈው ቀርተው ነበር፤ የባንግላዴሽ እናቶች ግን በባለቤትነት ተጻፉ። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ለጉባኤው የምናቀርበው

ከዚህ ታሪክ ተነሥተን ሦስት ነገር እናስባለን።

አንደኛ፣ ልጆቻችን ስኮላርሺፕም ሆነ ውድድር ሲያገኙ ውሉን አብረን እናንብብ። የሚመለስ ነው ወይስ የማይመለስ? ካልተሳካ ዕዳው በማን ላይ ይቀራል? ሐሳቡ የማን ይሆናል? የማይጠይቅ ዕድል የለምና፣ ጥያቄውን ቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ፈንዱ ከተቋቋመ ዲግሪን መስፈርት አያድርግ። ከቂሊንጦ የምትመረቀዋ ኢንጂነርም፣ ከቴክኒክና ሙያ የምትወጣዋ ልጅም እኩል ታመልክት።

ሦስተኛ፣ ትልቅ ካፒታል መስጠት አንችልም፤ እሱን ከተዘዋዋሪ ፈንድ፣ ከማይክሮፋይናንስ፣ ከውድድር ልታገኝ ትችላለች። እኛ ልንሰጥ የምንችለው ጊዜ ነው። ለምሳሌ ያህል 60 አባላት በወር 30 ብር ቢጨምሩ በወር 1,800፣ በዓመት 21,600 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ፋብሪካ አይከፍትም። ነገር ግን አንዲት ልጅ ናሙና ሠርታ ገበያ እስክትሞክር ድረስ ለትራንስፖርትና ለጥሬ ዕቃ፣ ቤቷም ለጥቂት ወራት እንዳይጎድል ይረዳታል። ሥራዋ ከቆመ ያለ ወለድ ትመልሳለች፤ ለቀጣይዋ ልጅ ይሆናል። ካልቆመ ደግሞ ያጋጠማትን በጉባኤ ፊት ነግራን፣ የሒሳብ መዝገቧን አሳይታን ዕዳው ይሰረዝላታል። የሚሰረዘው ከየት እንደሚሸፈንም ከወዲሁ መወሰን አለበት፤ ከአባላት ዋና ቁጠባ ፈጽሞ መነካት የለበትም፤ ከትርፉና ከዚህ መዋጮ ብቻ ይሁን።

ይህን የሚቃወሙ እህቶች ምክንያት እንዳላቸው እናውቃለን። ኑሮ ተወዷል፤ 30 ብር ቀላል አይደለም፤ ልጅ የሌላት ወይም ልጆቿ ያደጉላት አባልም «እኔ ምን አገኛለሁ?» ብትል ትክክል ናት። ለዚህም ነው መዋጮው በፈቃደኝነት ይሁን የምንለው። የሁላችሁንም ሐሳብ እንፈልጋለን፤ በቃል ለማቅረብ የማይመቻችሁ እስከ ጉባኤው ሳምንት ድረስ ለማኅበሩ ጸሐፊ በጽሑፍ ስጡ። የመዋጮውን ስሌትና የሌሎች ወጪዎችን ዝርዝር በጉባኤው ቀን አባዝተን እናድላለን።